ሠላሳ አንድ ቁጥር

የአሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል አለቃ የሆንኩት ጎበዝ ተማሪ ስለነበርኩ አይደለም። ጽሕፈቴ ያምራል፤ ደግሞም ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። የክፍል ኃላፊያችን ሁለቱን አይቶ የመጥሪያ መዝገቡን አሸከመኝ። ጽሕፈቱን የወረስኩት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከነበረው አባቴ ነው፤ ቁጣውን ከየት እንዳመጣሁት ግን እናቴም አታውቅም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቦታው ደባርቅ። ትምህርት ቤታችን ትልቅ ነበር። ከመካነ ብርሃን፣ ከአምባራስ፣ ከድብ ባሕር፣ ስምንተኛን ያለፈ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደኛ ይመጣል። የገጠር ልጆች ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ቤት ይከራያሉ፤ ስንቃቸው በገበያ ቀን በአህያ ተጭኖ ይደርሳቸዋል። እኛ የከተማ ልጆች በበሷቸው እንስቅባቸው ነበር። በረፍት ሰዓት እጃችንን ዘርግተን የምንለምናቸውም እኛው ነን።

ትምህርት ቤቱ ሥራ የፈታ ተማሪ ማየት አይወድም። ከክፍል ውጭ ሁሉም የሆነ ቡድን ውስጥ መግባት አለበት። የኳስ ቡድን አለ፣ ኪነት አለ፣ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ዜና የሚያነብ ሚኒ ሚዲያ አለ። እኔን ኪነቱ «ድምፅሽ እንደ ወፍጮ ነው» ብሎ መለሰኝና የችግኝ ክበብ ገባሁ። ክበቡ ለእያንዳንዱ ተማሪ በአሮጌ ጣሳ የተተከለ አንድ የጽድ ችግኝ ይሰጠዋል፤ ጣሳው ላይ የመጥሪያ ቁጥሩ በነጭ ቀለም ይጻፍበታል። ውኃ ማጠጣት የባለ ቁጥሩ ፋንታ ነው። ችግኙ ቢደርቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከሩቅ ይነበባል።

ነገሩ ሁሉ በቁጥር ነበር። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ እዚያው ሜዳ ላይ እንደተሰለፍን፣ አለቆች የየክፍላችንን ልጆች እንጠራለን። በዚያ ብርድ ከሰባ በላይ ስም ከነአባቱ የሚጠራ አልነበረም። «አንድ!» እላለሁ፤ «አለሁ!» ይለኛል አንድ ቁጥር፤ ምልክት አደርጋለሁ። ስለዚህ የዚህን ልጅ ስም እዚህ አለመጻፌ አይግረማችሁ። ያኔም ቢሆን በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

ሠላሳ አንድ ቁጥር ከመካነ ብርሃን ማዶ፣ በእግር የሁለት ቀን መንገድ ከሆነ ቀበሌ የመጣ ረጅም ልጅ ነበር። ከኋላዬ ይቀመጣል። እኔን ማብሸቅ የዕለት እንጀራው ነው፤ «እመት መዝገብ» የሚል ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። ሌላው ሰው «አለሁ» ብሎ ሲያበቃ እሱ ሆን ብሎ ይጎትተዋል፦ «አለ…ሁ»። ሰልፉ ይስቃል። እኔ በእስክሪብቶዬ ወረቀቱን እወጋለሁ። ቢሆንም እጠላው ነበር ብል እዋሻለሁ።

የዚያን ዓመት ከፋሲካ በፊት የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ለየገበሬ ማኅበሩ ወረደ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ዕድሜው ደርሶ ነበርና ስሙ ተጻፈ። ትምህርት ላይ ያለ ሰው ለጊዜው አይነካም ተብሏል። ለዚህም ሲባል ትምህርት ቤቱ «የሚከተሉት ተማሪዎች በትምህርት ገበታቸው ላይ ይገኛሉ» የሚል ዝርዝር በየወሩ ለየገበሬ ማኅበሩ ይልካል። ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር ማኅተም ይመታበታል። ሠላሳ አንድ ቁጥር ግን ወረቀት አላመነም።

«ክረምት ሲመጣ ትምህርት ይዘጋል» አለኝ አንድ ቀን፣ ችግኙን እያጠጣ። «ያኔ የትኛው ገበታ ላይ ተገኘ ብለሽ ትጽፊልኛለሽ?»

«ሥራህን ሥራ» አልኩት። ለእሱ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኼው ነው፤ ስንቴ እንደጸጸተኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከፋሲካ በዓል ሌሎቹ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። አጎቱ ዘንድ ወደ ቆላ ወርዷል ሲሉ ሰማን። ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በተከታታይ ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ለዩኒት ሊደሩ ይነገራል፣ ከዚያ ለገበሬ ማኅበሩ ይጻፋል። ልጁ ካልተገኘ አባትየው ይታሰራል።

በመጀመሪያው ቀን «ቀሪ» ጻፍኩ። በሁለተኛውም ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን «ሠላሳ አንድ!» ስል ከሰልፉ መጨረሻ «አለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ። የኳሱ ቡድን በረኛ ድምፅ ነው፤ ራሱ ዐሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ ገና አሁን «አለሁ» ብሎኛል። ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። እኔ፣ ለአንዲት ደቂቃ ያረፈደ ሰው የማልምር ልጅ፣ ጎንበስ ብዬ ምልክት አደረግሁ።

ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። ዝም አይነቅዝም ብለን ተውነው። በማግስቱ ሌላ የኳስ ተጫዋች መለሰ፣ በሠልስቱ ሌላ። አራት ልጆች ነበሩ፣ እየተቀባበሉ። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ እኔም በሚያምረው ጽሕፈቴ ሠላሳ አንድ ቁጥር በትምህርት ገበታው ላይ እንደሚገኝ ጻፍኩ። ማኅተሙ ተመታ፣ ወረቀቱም ሄደ። ሽማግሌ ሰው ከእስር አዳንኩ ብዬ ኮራሁ።

ግንቦት ሲገባ ጉሙ መጣ። ደባርቅ ያላደገ ሰው ይህን ጉም አያውቀውም። ከሊማሊሞ ገደል ሥር ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል፤ መጀመሪያ አጥሩን፣ ቀጥሎ ባንዲራውን፣ ቀጥሎ የኋላውን ሰልፍ ይውጣል። ከፊት ቆሜ ስጠራ የሚታየኝ ሦስት ረድፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ንጋቱ ራሱ እስከ አራት ሰዓት አይጠራም ነበር። ለውሸታችን ግን ተመቸው።

አንድ ቀን የኳስ ቡድኑ ለግጥሚያ ወደ ዳባት ሄደ። ልጆቹ ገና በማለዳ በጭነት መኪና ሲጫኑ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አራቱም ነበሩበት። ጉሙ ያን ቀን ከሁሌውም ባሰ። እኔ አስቀድሜ ወስኛለሁ፤ ዛሬ የሚመልስለት ስለሌለ አንድ ቀን «ቀሪ» ቢባል አይጎዳውም። እንዲያውም ከመጥራቴ በፊት «ቀ»ን ጽፌያታለሁ።

«ሠላሳ አንድ!»

«አለ…ሁ።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ከመስከረም ጀምሮ እነዚህን ልጆች በየጠዋቱ ጠርቻለሁ፤ የሰባውንም ድምፅ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ። የሰማሁት የማንኛቸውም አልነበረም። የእሱ ነበር፤ አጎታተቱ ሳይቀር። ሰልፉ እንደ ድሮው አልሳቀም። መዝገቡን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወደ ጉሙ ገባሁ፤ ረድፉን አልፌ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ። እዚያ የቆሙት ሁለት ዝምተኛ ልጃገረዶችና አንድ ተብታባ ልጅ ናቸው።

«ማነው?» አልኳቸው።

«እኛ አንቺ ታውቂያለሽ ብለን ነው» አለች አንደኛዋ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነው። የሆነ ሰው እየቀለደብኝ ነው አልኩ። በረኛው ሲመለስ ያዝኩት፤ በእናቱ ስም ማለ። «እኛማ ካሁን በኋላም አንመልስም» አለኝ፣ ፊቱን አዙሮ። እውነትም አልመለሱም። ግን ጉም ባለበት ጠዋት ሁሉ ድምፁ መጣ። አንድ ቀን ከቀኝ፣ አንድ ቀን ከግራ፣ አንድ ቀን ከባንዲራው ምሰሶ አጠገብ፣ ማንም በማይቆምበት። ሰማዩ በጠራባቸው ጥቂት ቀናት የሚመልስ አልነበረም፤ እኔ ብቻ በባዶው ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ላታልለው ብዬ ቁጥሩን ከቦታው አውጥቼ በዐሥራ ሁለትና በዐሥራ ሦስት መካከል ጠራሁት። ሳይዘገይ መለሰ።

ያን ዕለት ቀጥ ብዬ ችግኞቹ ዘንድ ሄድኩ። ከፋሲካ ወዲህ ሠላሳ አንድ የሚል ጣሳ ያጠጣ ሰው የለም፤ ደርቆ አገኘዋለሁ ብዬ ነው። አፈሩን በጣቴ ነካሁት፤ እርጥብ ነው። ጉሙ አርሶት ይሆናል ብዬ ሠላሳንና ሠላሳ ሁለትን ነካሁ፤ ሁለቱም ደረቅ ነበሩ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ሮጥኩ። ማን እንዳጠጣው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የክፍሉን ልጆች ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ነው የሚሉኝ።

ሰኔ ላይ፣ ፈተና ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጥበቃው ጠራኝ። አጥሩ ሥር ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው።

«ወረቀቱን የምትጽፊው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

ከብብታቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። የእኔ ጽሕፈት ነው፤ ሠላሳ አንድ ቁጥር በትምህርት ገበታው ላይ ይገኛል የሚለው። ከእሱ ጋር አንድ የተማሪ መታወቂያ ሰጡኝ። እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠርዙ ውኃ በልቶታል።

«ልጄ ቆላ ወባ ገደለው» አሉ፣ ረጋ ብለው። «ያረፈው ለግንቦት ሚካኤል ነው። ባለ በቅሎ ነጋዴ ነው ይህን ያመጣልኝ። የማያውቁት ሰዎች ናቸው የቀበሩት፤ እግዜር ይስጣቸው። ክርስትና ስሙን ግን አላወቁም፤ ሳይፈታ ነው አፈር የገባ።»

ቆሜ ስሰማ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ግንቦት ሚካኤል ዐሥራ ሁለት ቀን ነው። የኳሱ ልጆች ዳባት የሄዱት በማግስቱ ነው። አጥሩን ያዝኩ።

አዛውንቱ ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት ለአንድ ጉዳይ ነው። ቄሱ ፍትሐት እንዲያደርሱለት፣ አርባውም እንዲወጣለት ሲለምኑ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ይህን ወረቀት አውጥቶ ሰጥቷቸዋል። መንግሥት «አለ» ያለውን ሰው እንዴት ሞተ ትላላችሁ፣ ልጁን ደብቃችሁ ነው፤ ተዝካር የሚያወጣ ካለ ቄሱም ይጠየቃሉ ብሏል። ቄሱም ፈርተው በሕይወት ያለ ሰው አይፈታም አሉ።

«የኛ ጥፋት ነው አባባ» አልኩ። ማልቀስ ጀምሬያለሁ። «እርስዎ እንዳይታሰሩ ብለን ነው።»

«አውቄያለሁ ልጄ። ክፉ አስባችሁ አይዶለም» አሉኝ። ቀጥሎ ዝቅ ብለው ጠየቁኝ፦ «ታዲያ ስትጠሩት ማነው አለሁ የሚል?»

መዋሸት እችል ነበር፤ በውሸት ለምጃለሁ። አልቻልኩም፤ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ይደነግጣሉ ወይ «ሰይጣን ነው» ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው እንደ ሕፃን ሆነ።

«ኧረግ ልጄ!» አሉ። «ትሑት ነው እኮ፣ ሲጠሩት ዝም አይልም። በየማለዳው እየጠራችሁት እንዴት አድርጎ ይሂድ?»

የፈለጉት ይህን ነው፤ ሦስት ቀን ጠርተን ማንም እንዳይመልስ፣ እኔም «ቀሪ» ብዬ እንድጽፍ፣ ትምህርት ቤቱም የለም የሚል ወረቀት እንዲሰጣቸው። አርባው ለሰኔ ማርያም ይውላል፤ ቀኑ እየሮጠ ነው። «የለም ከተባለ እርስዎን ይይዙዎታል» አልኳቸው። «ይያዙኛ» አሉኝ። «እኔ እስር ቤት ብገባ እወጣለሁ። እሱ ነው መውጫ ያጣው።»

ቅዳሜና እሑድ ቤት ለቤት ዞሬ ለክፍሉ ልጆች ነገርኩ። ያለቀሰ አለ፣ የተቆጣኝ አለ። በረኛው «ሽማግሌውን በገዛ እጃችን ልናሳስር ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩበት። በመጨረሻ ሁሉም እሺ አለ። አንድ ነገር ብቻ አልተነጋገርንም፤ እኛ ዝም ብንል ጉሙስ ዝም ይላል ወይ የሚለውን።

የኋላውን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን ተጻፈ፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። አዛውንቱ የገዛ መታሰሪያቸውን በብብታቸው ይዘው ሁለት ቀን በእግራቸው ሄዱ። ለሰኔ ማርያም ልጃቸው በክርስትና ስሙ ተፈታ፤ እሳቸው በሳምንቱ ተይዘው እስከ ፍልሰታ ታሰሩ፣ ከዚያ ተለቀቁ። የሠላሳ አንድ ቁጥር ችግኝ አፈር ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ደረቀ፤ እስከ ሐምሌ ተከላ ድረስ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ላስታውሰው እችላለሁ። ዓይኔን ስጨፍን የምመለሰው ግን ወደዚያ ሰኞ ጠዋት ነው።

ጉሙ አጥሩ ሥር ተኝቶ ነበር የጠበቀን። አዛውንቱ «በጆሮዬ ልስማና ልመን» ብለው ለምነውኝ ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ ቆመዋል፤ ከእኔ ዘንድ አይታዩም። ባንዲራው ተሰቀለ፣ መዝሙሩ አለቀ። ከአንድ ጀመርኩ። ሃያ አምስትን አለፍኩ።

«ሠላሳ!»

«አለሁ!»

«ሠላሳ አንድ!»

ከጎናችን የ«ሀ» ክፍል አለቃ ሲጠራ ይሰማል። እኔ የምፈራው ያንን የሚጎተት ድምፅ ነው፤ ከየት በኩል ይመጣ ይሆን እያልኩ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። አልመጣም። እስክሪብቶዬን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

«አለ!»

ከሰልፉ ኋላ ነው። የተሰባበረ፣ የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«አለ! ልጄ አለ!»

ማንም ዞር አላለም። አዛውንቱ ጉሙን እየቀደዱ በሁለት ረድፍ መካከል መጡ፤ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፍነው። አጠገቤ ሲደርሱ ጋቢውን ከአፋቸው አነሱ።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉኝ። «አምልጦኝ ነው። እስቲ ደግመሽ ጥሪው።»

ደግሜ ጠራሁት። አዛውንቱ መሬት መሬት እያዩ፣ ሁለት እጃቸውን በትራቸው ላይ ጭነው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ። ከቀኝም፣ ከግራም፣ ከምሰሶውም ዘንድ ድምፅ አልመጣም። «ቀሪ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሠላሳ ሁለትን ጠራሁ።